ገዳዩን ሳይለዩ አጥር ማጠር፦ ከአዳማ እስከ አዋሽ ከብት የሚበላው የቱ አውሬ ነው?

ወለንጪቲ ላይ ጅብ የጣላት ጊደር፣ ወሬዋ አዳማ ሲደርስ አንበሳ የበላት ጊደር ሆና ትገኛለች። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ አውሬው ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት ጎፈር ያበቅላል። ከከብት ገበያው ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ወደ ቴሌግራም ሲሻገር ደግሞ ፎቶ ይጨመርበታል፤ ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ የኬንያ ወይም የደቡብ አፍሪካ ነው። ወሬ ሆኖ ቢቀር ማንንም ባልጎዳ ነበር። ግን አጥሩ የሚታጠረውም፣ መርዙ የሚገዛውም ይህንኑ ወሬ ይዞ ነው። አንበሳን ታስቦ የታጠረ አጥር ነብርን አያቆምም። ነብርን ታስቦ ላዩ የተከደነ ጋጣ ደግሞ ከሥሩ በጅብ ይቆፈራል። እያንዳንዱ አውሬ የሚገባበት ቀዳዳ የራሱ ነው፤ አውሬውን ያላወቀ ባለከብት የሚደፍነው የሌላውን ቀዳዳ ነው።

ከአዳማ በስተምሥራቅ ወለንጪቲንና መተሐራን አልፎ የሚገኘው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ያቋርጠዋል። ዙሪያውን ከረዩ፣ ኢቱ፣ አርጎባና አፋር ከብት፣ ግመልና ፍየል ያረባሉ፤ ከሚያረቡት ውስጥ ወደ አዳማና ሞጆ ማድለቢያዎች የሚወርደው ጥቂት አይደለም። ድርቅ ሲጠና የፓርኩ ሣር የመጨረሻው ሣር ስለሚሆን ከብቱ እዚያው ገብቶ ይውላል፣ ያድራልም። ያን ጊዜ ሳላው፣ አምባራይሌውና ከርከሮው ሳሩን ለከብት ለቅቆ ይሸሻል። በዚህ ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ አለ፤ ሜዳውን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ እያደረገ ሣሩን ያጠፋል፣ አድፍጦ ለሚያድን አውሬም መደበቂያ ያመቻቻል።

ለአካለ መጠን የደረሰ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል። በየቀኑ ይበላል ማለት ግን አይደለም፤ ሲቀናው 30 ኪሎ ያህል በአንዴ ወጥሮ ሦስት አራት ቀን ይተኛል። ሳላው ሲርቅ ያ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። «አንበሳ ምን ይበላል? ተበድሮ፤ ምን ይከፍላል? ማን ጠይቆ» ይባላል፤ ዕዳውን ከኪሱ የሚያወራርደው አበዳሪው ባለከብት ነው።

ወደ ጠባያቸው ከመግባታችን በፊት ስማቸውን እናጥራ፤ ግማሹ ግራ መጋባት ከዚህ ይጀምራል። በዜና ትርጉም ላይ የእስያው ባለ መስመር ታይገርም፣ የደቡብ አሜሪካው ጃጓርም ሁሉም «ነብር» ይሆናሉ። ታይገር በአፍሪካ ዱር ኖሮ አያውቅም። የእኛ ነብር ጎኑና ጀርባው ላይ ያለው ነጠብጣብ እንደ ቀለበት መሐሉ ክፍት ነው። አቦሸማኔ ነጥቡ ድፍን ጥቁር ነው፤ ከዓይኑ ሥር ተነስቶ እስከ አፉ የሚወርድ እንደ እንባ ያለ ጥቁር መስመር አለው፤ እግሩ ረዘም፣ ወገቡ ቀጠን፣ ጭንቅላቱም አነስ ይላል። ሁለቱ በክብደት ይቀራረባሉ፤ ነብር ከ30 እስከ 70፣ አቦሸማኔ ከ35 እስከ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። አንደኛው ግን ለመሸከምና ለመውጣት፣ ሌላው ለመሮጥ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ግስላ የሚለው ጥቁሩ ነብር ሌላ ዘር አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ሥር ይታያል።

አንበሳን ማን ያጣዋል ይባል ይሆናል። ሆኖም ብዙዎቻችን በዓይነ ልቦናችን ያለው አንበሳ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳ ነው፤ ጎፈሩ ደረቱን አልፎ እስከ ሆዱ ይወርዳል። በሞቃት ቆላ የሚኖር ወንድ አንበሳ ብዙውን ጊዜ ጎፈሩ የሳሳ ነው፤ ከሩቅ ያየው ሰው «ሴት ናት» ብሎ ያልፋል። ይህ ስህተት ዋጋ አለው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብሎ ይመጣል።

አንበሳ ከድመት ወገን በመንጋ የሚኖር ብቸኛው ነው ማለት ይቻላል። የመንጋው መሠረት እህትማማች፣ እናትና ልጅ የሆኑ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ መጥተው ይሄዳሉ። ወጣት ወንዶች ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ከመንጋው ይባረራሉ። ግዛት የላቸውም፣ ልምዳቸው ትንሽ ነው፣ ራብ አለ። በረት የሚሞክሩት በብዛት እነዚህ ተንከራታቾች ናቸው፤ ጎፈራቸውም ገና ስለሆነ ሴት ይመስላሉ። እንግዲህ በንዴት የተነሳ ሰው የአካባቢውን ባለ ግዛት ወንድ ቢገድል ምን ይከተላል? ቦታው ባዶ ስለሚሆን ሌሎች ወንዶች ይገቡበታል፤ የገቡት የቀድሞውን ግልገሎች ይፈጃሉ፤ ግልገሎቿን ያጣች እናት ቶሎ ትቀበላቸዋለች። መንጋው ይበጠበጣል፣ ተንከራታቹ ይበዛል። ባለ ግዛቱን መግደል ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ግሳቱ ብዙ ሰው ያስፈራል። ጸጥ ባለ ሌሊት የአንበሳ ግሳት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ «በራችን ላይ አገሳ» የተባለው መተሐራ ሆኖ አንበሳው ፈንታሌ ግርጌ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ግሳት ግዛቱን ማወጃና ወገንን መጥሪያ ነው፤ ለአደን የወጣ አንበሳ ድምፁን አያሰማም። እረኛ ሊፈራው የሚገባው ዝም ያለውን ጨለማ ሌሊት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2009 በሰዎች ላይ የደረሱ ጥቃቶች ሲመረመሩ፣ የበዙት ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ቀናት፣ በምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በጨረቃ ብርሃን አደን አይሳካለትም፣ ስለዚህ ይራባል። ጨረቃዋ ዘግይታ መውጣት ስትጀምር ደግሞ ምሽቱ ይጨልማል፣ ሰውና ከብቱም ገና አልተሰበሰበም። ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባለው ሳምንት ከብትን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አስገብቶ መቁጠር አንድ ብር አያስወጣም።

በረት ላይ አንበሳ የሚጠቀምበትን ዘዴ በትክክል የሚገልጽ ሰው ጥቂት ነው። አንበሳ አብዛኛውን ጊዜ አጥር አይሰብርም። ነፋሱ ጠረኑን ወደ ከብቱ እንዲወስድለት ሆኖ ይዞራል። ከብቱ ሲሸተው ይደነግጣል፣ ወደ አንድ ወገን ይተማል፣ አጥሩን ከውስጥ ገፍቶ ይጥለዋል። አንበሳው ውጭ ቆሞ የሚያመልጠውን ይቀበላል። በረቱን የሰበረው ከብቱ ራሱ ነው! ስለዚህ ለአንበሳ የሚታጠር አጥር ጥንካሬው ከውስጥ በኩል መሆን አለበት። የእኛ የተለመደው የግራር እሾህ ክምር ግን ሁሉ ነገሩ ወደ ውጭ ነው፤ ሠላሳ ከብት በአንዴ ሲገፋው አይችልም።

ነብር ሌላ ዓለም ነው። «ነብር አየኝ በል!» ብለው ሲዝቱ አባቶች የአውሬውን ዋና ጠባይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል፤ ሰው ነብርን ከማየቱ በፊት ነብር ሰውን ያየዋል። ብቻውን ይኖራል፣ ሌሊት ይንቀሳቀሳል፣ ከጥንዚዛ እስከ አጋዘን ያገኘውን ይበላል። ስለዚህም ሌሎች ትልልቅ አውሬዎች በጠፉበት ቦታ፣ በከተማ ዳር ሳይቀር፣ እሱ ይቆያል። በጨለማ እንጨት በመጋዝ እንደሚሰነጠቅ ያለ፣ ደጋግሞ የሚሄድ ሻካራ ድምፅ ከተሰማ ነብር ነው። ጅራቱን መያዝ ተረት ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ሬሳ በጥርሱ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነ ግንብ ለእሱ ደረጃ ነው። የሚገባው ከላይ ነው፤ በጣሪያ፣ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ ወይም ከአጥሩ አጠገብ በተከመረ ጭድ። ሌላው ምልክት ውሻ ነው፤ ነብር ውሻ ይወዳል። ፍየል ከመሞቷ በፊት ባለው ሳምንት የሰፈሩ ውሾች አንድ በአንድ ከጠፉ መልዕክቱ መጥቷል ማለት ነው።

አንድ ጋጣ ውስጥ የገባ ነብር ስምንትና አሥር ፍየል ገድሎ አንዷን ብቻ ይዞ ሲሄድ ሰው «ለክፋት ነው» ይላል። ክፋት አይደለም። ሜዳ ላይ አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ ይሸሻሉ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጋጣ ውስጥ ግን መሸሻ ስለሌለ እያንዳንዷ የምትሯሯጥ ፍየል የመያዝ ደመ ነፍሱን እንደገና ትቀሰቅሰዋለች። የጋጣው ጥበት ነው ቁጥሩን ያበዛው።

አቦሸማኔን በአጭሩ እንለፈው። ቀን ያድናል፤ ሌሊቱን የአንበሳና የጅብ አድርጎ ትቶላቸዋል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ ግን ለጥቂት መቶ ሜትር ብቻ፤ ከዚያ ተኝቶ ትንፋሹን ሲሰበስብ ጅብ መጥቶ ይነጥቀዋል። ማገሳት አይችልም፤ ይጮኻል፣ እንደ ወፍም ያፏጫል። በረት አይገባም። የሚጎዳው እረኛው ጥላ ሥር ሲያሸልብ ከመንጋው የተነጠለ የፍየል ግልገልን ነው። መድኃኒቱም የነቃ እረኛ ነው፤ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል።

ጅብና ውሻ ትልልቅ ድመቶች ባይሆኑም እዚህ ሊታለፉ አይችሉም፤ የአንበሳ ስም የሚወጣበት ሥራ አብዛኛው የእነሱ ነውና። ጅብ አንቆ አይገድልም፤ ከኋላ፣ ከጡት፣ ከጭራና ከሆድ ጀምሮ በቁሙ ይበላል። አህያ የሚወደው ምግብ ነው። ውሻው ግን የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። በማድለቢያና በቄራ ዙሪያ ጥንብ እየበላ የሚራባ ባለቤት የለሽ ውሻ ሌሊት መንጋ ሆኖ በጎችን ያጠቃል፤ እግር፣ ጆሮ፣ ጎን፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ብዙዎችን አቁስሎ ምንም ሳይበላ ይሄዳል። ጠዋት በረቱ ውስጥ የተገኘው ደም የዱር አውሬ ሥራ ይመስላል።

እንግዲህ ጠዋት ላይ ማየቱ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሞተው ከብት ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚያፈስ፣ ሆዱ በፍጥነት የተነፋ፣ አካሉም ያልደረቀ ከሆነ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይከፈት፣ አይገፈፍ፣ ሥጋውም አይነካ፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። አውሬ የነካካው መሆኑ አውሬ ገደለው ማለት አይደለም።

ይህ ካልሆነ፣ ሰውና ውሻ ሳይረግጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መድረስ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትወጣ የዱካው ጠርዝ ጥላ ይጥላል፣ ጎልቶም ይታያል፤ 5 ሰዓት ላይ ያው ዱካ ጠፍጣፋ አፈር ነው። ምድሩ ሞቆ ጥንብ አንሳዎች ሲነሱ ደግሞ ሬሳው ላይ የሚነበብ ነገር አይቀርም። የተገኘውን ጥሩ ዱካ በሳፋ መሸፈን፣ ከዚያ ስክሪፕቶ አጠገቡ አጋድሞ ከላይ በቀጥታ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ስክሪፕቶው መጠኑን ይነግራል፤ ያለ መጠን የተነሳ ዱካ ፎቶ ለማንም አይጠቅምም።

ዱካው ላይ መጀመሪያ ጥፍር ይፈለጋል። አንበሳና ነብር ሲራመዱ ጥፍራቸውን ስለሚሰበስቡ ምልክቱ አይታይም፤ ጭቃ ላይ ሲያዳልጣቸው ብቻ ይወጣል። ጅብ፣ ውሻና አቦሸማኔ ጥፍራቸው ይታያል። የአቦሸማኔ ጥፍር እንደ ሌሎቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሰበሰብ ለሩጫ እንደ ታኬታ ያገለግለዋል፤ «ጥፍር ካለው ድመት አይደለም» የሚለው ደንብ በእሱ ላይ የሚሰበረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው መለያ ትልቁ የመዳፍ ትራስ ነው። የድመት ወገን የሆነ ሁሉ ትራሱ ከኋላ በኩል ሦስት እብጠት አለው፤ ውሻና ጅብ ላይ ያ ሦስትነት አይታይም። መጠኑ ደግሞ፣ የትልቅ አንበሳ የፊት መዳፍ ከ11 እስከ 14 ሳንቲሜትር ይሰፋል፣ የነብር ከ7 እስከ 10 ነው። ጅብ የፊት እግሩ ከኋላው በግልጽ ስለሚበልጥ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ያለፉ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ትልቁ አንበሳ፣ ትንሹ ልጁ» ይላል።

ቀጥሎ አንገቱ። ከላይ ያለው ጠጉር ብዙ ይደብቃል፤ ስለዚህ ከአገጭ እስከ ደረት ያለውን ቆዳ ገፎ የውስጡን ፊት ማየት ያስፈልጋል። በሕይወት እያለ የተነከሰ ቦታ ደም ይቋጥራል፤ ሥጋው ጥቁር ቀይ ሆኖ ያብጣል። ከሞተ በኋላ የተነከሰ ቦታ ቀዳዳ ብቻ ይኖረዋል፣ ደም የቋጠረ የለውም። ይህች አንዲት ልዩነት ብዙ ክርክር ትፈታለች፤ በበሽታ የሞተች ላም በጅብ ስትነካካ አድራ «አውሬ ገደላት» ስትባል ምስክሯ ይህ ቆዳ ነው። ጉሮሮው ላይ የተቋጠረ ደምና ሁለት ጥንድ ቀዳዳ ካለ የላይኞቹን ሁለት ክራንቻዎች ርቀት በማስመሪያ መለካት ነው፤ ከ3.5 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከሆነ ወደ ነብር፣ ከ6 በላይ ከሆነ ወደ ትልቅ አንበሳ ያጋድላል። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ የነብርና የአቦሸማኔ ንክሻ ይቀራረባል፣ ቆዳም ይሳባል።

የተበላበት ቦታና የአበላሉ ሁኔታ ቀሪውን ይነግራል። አንበሳ በሬ ሲጥል ጉሮሮውን ወይም አፍና አፍንጫውን አፍኖ ይይዛል፤ ትከሻና ታፋ ላይ የጥፍር ጭረት ይተዋል። ከሆድና ከኋላ ጀምሮ ይበላል፤ ጨጓራውን አውጥቶ ወደ ጎን ይጥላል፣ አንዳንዴም ፈርሱን አፈር ያለብሰዋል። ነብር ጠጉር በጥርሱ ይነጫል፤ ሬሳው አጠገብ የተከመረ የፍየል ጠጉር ካለ የእሱ ነው። ከዚያ ጎትቶ ቁጥቋጦ ሥር ወይም ዛፍ ላይ ይደብቀዋል፣ በማግስቱም ይመለሳል። ጅብ ጭን አጥንት ይሰብራል፣ የከብቱን ጭንቅላትም ይዞት ይሄዳል፤ በማግስቱ የሚገኘው ኩስ አጥንት ስለበዛበት ነጭ ነው።

አሁን ወደ አጥሩ። ለአንበሳ የመጀመሪያው ነገር ከብቱ ወደ ውጭ፣ አንበሳውም ወደ ውስጥ እንዳይተያዩ ማድረግ ነው፤ ዓይን ካልገባ ድንጋጤው ይቀንሳል። ቋሚዎቹ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ተቀብረው፣ በሁለት ሜትር ርቀት ቆመው፣ ማገሩ ከውስጥ በኩል ሲመታ ከብቱ ሲገፋ ማገሩ ቋሚው ላይ ያርፋል፤ ከውጭ ከተመታ ግን ምስማሩ ይነቀላል። ብዙ በረት የሚወድቀው በዚህች የማገር አመታት ነው። ከውጭ የሚደረደር እሾህ ግንዱ ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ይሁን። ተገላቢጦሽ ከሆነ አውሬው ግንዱን ነክሶ ይጎትተዋል። ፕሮሶፒስ ለዚህ ብቻ ጥሩ ነው፤ እየተቆረጠ ቢያልቅም የሚቆጭ የለም። የዘር ፍሬውን የያዘ ቅርንጫፍ ግን በረት ውስጥ አይግባ፤ ከብት በልቶት በኩበቱ ሜዳውን ሁሉ ይዘራዋል።

የጅብ ጥያቄ ከታች ነው። የሽቦ መረብ ካለ 30 ሳንቲሜትር ተቀብሮ፣ ወይም ወደ ውጭ መሬት ላይ ተነጥፎ ድንጋይ ቢጫንበት ቁፋሮውን ያቆማል። የነብር ጥያቄ ከላይ ነው። የፍየል ጋጣ ያለ ክዳን ጋጣ አይባልም፤ በሦስት ሜትር ዙሪያ ያለ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ የጭድ ክምሩም ይራቅ። ለሁሉም የጋራ የሆነው ደካማ ቦታ በሩ ነው። ሰው አጥሩን በሁለት ወር ይሠራል፣ በሩን ግን ማታ ማታ በአንድ የግራር ቅርንጫፍ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቀዬውን ለቅቆ እንደወጣው ሰው ያለ፣ በአንድ ቀን በረት መሥራት ያለበት፣ ሌላው ሁሉ ቢቀርበት በሩን አጥብቆ ይጀምር።

መብራት ይረዳል። ኬንያዊው ሪቻርድ ቱሬሬ ገና ልጅ ሳለ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያለውን የቤተሰቡን በረት ለመጠበቅ በሶላር የሚሠራ፣ እየተፈራረቀ ብልጭ የሚል አምፖል ሠርቶ ነበር፤ ሰው ባትሪ ይዞ የሚዞር ስለሚመስል አንበሳው ይርቃል። አንድ ቦታ ተሰቅሎ የከረመ መብራት ግን አውሬው ይለምደዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቦታውን መቀየር ያስፈልጋል። የበለጠ የሚገርመው የቦትስዋና ሙከራ ነው። በኦካቫንጎ አካባቢ በ14 መንጋ ውስጥ ባሉ 2,061 ከብቶች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከፊሎቹ መቀመጫቸው ላይ ዓይን ተቀባባቸው፣ ከፊሎቹ መስቀለኛ ምልክት፣ የቀሩት ምንም። በአራት ዓመት ውስጥ ምንም ካልተቀባባቸው 15፣ መስቀል ካለባቸው 4 ከብቶች በአንበሳና በነብር ተገደሉ። ዓይን ካለባቸው አንድም አልሞተም። አድፍጦ የሚያድን አውሬ «ታየሁ» ብሎ ሲያስብ ይተዋል፤ «ነብር አየኝ በል» ሲገለበጥ መሆኑ ነው። ቀለሙ በየወሩ ገደማ መታደስ አለበት። ያልተቀባ ከብት በሌለበት መንጋም ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም፤ ያለው ወጪ ግን ቀለምና ብሩሽ ነው።

አዳማ ዙሪያ ያሉ ማድለቢያዎች ጉዳይ ለየት ይላል። ችግሩን የሚጠሩት ራሳቸው ናቸው። የሞተውን ወይፈን ከግቢ ውጭ ወደ ፈፋ መጣል ጅቡንና ውሻውን በየምሽቱ ቀጠሮ ማስያዝ ነው። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር በሆነ ጉድጓድ፣ ኖራ ተነስንሶበት መቅበር ከማንኛውም አጥር ይሻላል።

መርዙ ላይ ስንመጣ አመክንዮው ራሱ አይሠራም። ለመርዝ የሚውሉት አብዛኞቹ የእርሻ ፀረ ተባዮች ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ የሚያጸዳውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ እንስሳው አረፋ ይደፍቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መተንፈሻው ተይዞ ይሞታል። ሬሳው ላይ የተነሰነሰውን ማን ይበላዋል? አቦሸማኔ ጥንብ አይነካም፣ ወደ ገደለው ሬሳም አይመለስም። ነብር የገደለውን ደብቆታል፤ ሜዳ የቀረው የእሱ ድርሻ አይደለም። አንበሳ ሊመለስ ይችላል፤ ከእሱ በፊት ግን ጥንብ አንሳው፣ ቀበሮው፣ ጅቡ፣ የሰፈሩ ውሻ ይደርሳሉ። ከገዳዩ ይልቅ የሚሞተው ጽዳት ሠራተኛው ነው። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ህንድ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ጥንብ አንሳዎቿን ከሞላ ጎደል ጨረሰ፤ ሬሳው ለውሻ ተረፈ፣ ውሻው በዛ፣ ከውሻውም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። ሬሳው የተጣለበት ጅረት የሰው መጠጥ መሆኑ ሳይቆጠር ነው። በሕግም ቢሆን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልና መነገድ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ያስቀጣል።

አዳማ የሚመለከታት ሌላም መስመር አለ። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መኪና ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሌላንድ ቆላ የሚሰበሰቡ የአቦሸማኔ ግልገሎች ደግሞ በሶማሌላንድ ጠረፍ አድርገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በጀልባ ይሻገራሉ። በዱር የቀረው አቦሸማኔ በዓለም ዙሪያ 7,000 ገደማ ነው። ከሚጫኑት ብዙዎቹ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ የሚገድላቸውም ብዙ ጊዜ ምግቡ ነው። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ሲበሉ ካልሲየም ያጥራቸዋል፤ አጥንታቸው ይለሰልሳል፣ እግራቸው ይጣመማል፣ ውሎ አድሮ መቆም ያቅታቸዋል። የላም ወይም የፍየል ወተት ደግሞ ያስቀምጣቸዋል፣ ውኃቸውንም ያሟጥጣል።

ብዙ ጊዜ መነሻው ደላላ ሳይሆን አዛኝ እረኛ ነው። ሣር ውስጥ ጀርባቸው ላይ ረጅም ግራጫ ጠጉር የለበሱ ሁለት ሦስት ግልገሎች ያገኛል፤ እናት የለችም፣ «ተጥለዋል» ብሎ ያነሳል። እናትየው አደን ላይ ናት፤ ብቻዋን ስለምታሳድጋቸው ግማሽ ቀን ትታቸው ትሄዳለች፣ በየጥቂት ቀኑም ጠረናቸው እንዳይያዝ ቦታ ትቀይራለች። ሳይነኩ፣ በመጡበት ዱካ መመለስና ከብቱን ወደ ሌላ ወገን ማሰማራት ነው። በማግስቱ ተመልሶ ለማየት መሄድም አያስፈልግም፤ የሰው ዱካ ተከትሎ ጅብ ይመጣል። ግልገሉ ተይዞ ከተገኘ ደግሞ፣ ውኃ አቅርቦ፣ ጨለምለም ባለ ሣጥን አስቀምጦ፣ ወተት ሳይሰጡ በዚያው ቀን ለአቅራቢያው የፓርክ ስካውት ወይም ለፖሊስ ማስረከብ፤ የተገኘበትን ቦታ በትክክል የሚያውቅ ሰው አብሮ ቢሄድ እናቱ አጠገብ የመመለስ ዕድሉ በሰዓታት ውስጥ ገና አልጠፋም።